የሕገ መንግሥት የመጨረሻ ተርጓሚ ማን ይሁን?

ገዥን በሕግ የሚገዛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የጽሑፍ ሕግ ታሪክ ውስጥ ቢያንስ የፍትሐ ነገሥትን ያህል ዕድሜ አለው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ስለ ነገሥታት በሚናገርበት አንቀጽ፣ የኦሪት ዘዳግምን ቃል ተከትሎ፣ ንጉሥ ፈረስ፣ ሚስትና ወርቅ እንዳያበዛ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የጣሰውን ንጉሥ የሚዳኝ ችሎት ግን አላቆመም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂልም የዚሁ ጉድለት ምስክር ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን ሕገ መንግሥት ዋቢ አድርገው ያረቀቁትና ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይደፈር አደረገው፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ራሱን የበላይ ሕግ ብሎ ሲሰይም ከዘውዱ በላይ የሚቆም ዳኛ አላበጀም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መልሱን በግልጽ ጻፈ፤ ነገር ግን ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት አልሰጠም። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የሚወከሉበት ፖለቲካዊ ጉባኤ ሲሆን፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚባለው ባለ 11 አባላት አካል፣ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ቢሆንም፣ ከውሳኔ ሐሳብ ያለፈ ሥልጣን የለውም። የአርቃቂዎቹ መከራከሪያ ሁለት ገጽታ ነበረው፦ በአንድ በኩል ሰነዱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ስለሆነ ሊተረጉሙት የሚገባቸው ባለቤቶቹ ናቸው የሚል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሕዝብ ያልመረጣቸው ዳኞች በትርጉም ስም የራሳቸውን ፍልስፍና ያሰርጋሉ የሚል ስጋት። ሁለተኛው ስጋት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ያልተሟላ ነው እንጂ፤ ዳኛን ለሥልጣን ፈተና የተጋለጠ ሰው አድርጎ ሲያይ ፖለቲከኛውን ከዚያው ፈተና ነጻ ያወጣልና።

አሠራሩ በተግባር ምን እንደሚመስል የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ቤርትኛ አይችሉም ተብለው ከዕጩነት የተሰረዙ ሰዎች ባቀረቡት አቤቱታ ላይ አጣሪ ጉባኤው የምርጫ ሕጉ የቋንቋ መስፈርት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን በ1995 ዓ.ም. ድንጋጌውን አጽንቶ፣ ዕጩው የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቁ ይበቃዋል ሲል ወሰነ። ውሳኔው አስታራቂና ብልኅ ነበር ማለት ይቻላል፤ የተሰጠው ግን ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው።

ይበልጥ የከበደው ፈተና በ2012 ዓ.ም. መጣ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘምና የአምስት ዓመቱ የሥልጣን ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምክር ቤቱን መበተንን ወይም ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልን ትቶ የትርጉምን መንገድ መረጠ። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ባለሙያዎችን በቀጥታ ሥርጭት ማድመጡ ያልተለመደና የሚመሰገን ነበር። ይሁን እንጂ ሰኔ 3 ቀን የሥልጣን ዘመኑን ያራዘሙት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የተላኩት ዘመናቸው ከሚራዘምላቸው የክልል ምክር ቤቶች ነበር። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሁን የሚለው ጥንታዊ የፍትሕ መርሕ የተፈተነው የግለሰቦቹ ቅንነት ስለጎደለ ሳይሆን አሠራሩ ራሱ ባለጉዳዩን በዳኛ ወንበር ስላስቀመጠ ነው።

ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ይቋቋም የሚሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ ጀርመንን ይጠቅሳሉ፤ በዚያ 16ቱ ዳኞች እኩል በእኩል በሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተመርጠው ለማይታደስ የ12 ዓመት ዘመን ያገለግላሉ። የዚህ ሥርዓት ብልኃት ማንም ፓርቲ ብቻውን ዳኛ መሾም እንዲያቅተው፣ ዳኛውም ዳግም ለመሾም ብሎ ሹመኛን ደጅ እንዳይጠና ማድረጉ ነው። አንድ ፓርቲ ሁሉንም ወንበር በሚይዝበት ምክር ቤት ግን ሁለት ሦስተኛ የሚለው መስፈርት ትርጉም ስለማይኖረው፣ ፍርድ ቤቱን በስሙ ብቻ መገልበጥ የሚያስገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው። ለውጡ እንዲጸና ደግሞ አንቀጽ 105 እንደሚያዝዘው ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ከመስማማታቸው በተጨማሪ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል፤ ስለዚህ የመተርጎም ሥልጣኑን የሚያጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ራሱ ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዱ ይሆናል።