መስከረም 1 በምን ዕለት ይውላል? ስሌታዊ አስተሳሰብና የችግር አፈታት

ስሌታዊ አስተሳሰብ ሲባል ለብዙ ተማሪዎች በቅድሚያ የሚታያቸው ኮምፒዩተር ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁሯ ጃኔት ዊንግ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ይህ ክህሎት ለባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው እንደሚያስፈልግ አስገንዝበዋል። እኛም ነገሩን ከአገራችን የዘመን አቆጣጠር፣ ከባሕረ ሐሳብ፣ በተወሰደ ምሳሌ እናብራራለን።

በኮልፌ ቀራንዮ የሚማር አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለው በምን ዕለት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ እንበል። በአጠገቡ የቀን መቁጠሪያ የለም። ቀመር መሸምደድን ብቻ የለመደ ከሆነ፣ ቀመሩ ከጠፋው ሥራው በዚያው ያበቃል። ስሌታዊ አስተሳሰብን የተማረ ግን ጥያቄውን ይከፋፍለዋል።

በመጀመሪያ፣ 365 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ የአዲስ ዓመት ዕለት በየዓመቱ በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ሁለተኛ፣ ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስተኛ፣ ዕለታት በየ7 ቀኑ ስለሚደጋገሙ የሚያስፈልገን ቀሪው ብቻ ነው፤ ሌላው ይተዋል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያስቀመጡት ሥርዓት ከዚሁ ጋር ይገጥማል። 5500 እና 2018 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879 ነው፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። የሁለቱ ድምር 9397 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ቆጠራው የሚነሣው ከማክሰኞ ስለሆነ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነው። ቀሪ ከሌለ ሰኞ ይሆናል።

ሥራው ግን በመልሱ አያበቃም፤ መፈተን አለበት። ለ2017 ቀሪው 2፣ ማለትም ረቡዕ ነው፤ አንድ ቀን ተገፍቷል። ለ2019 ቀሪው 4 ሲሆን ለ2020 ግን 6 ነው። ሁለት ቀን የተዘለለው የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች ነው።

እንግዲህ የሚለወጠው የተማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ቀመሩ የትኛው ነው?» ማለቱን ትቶ «ምን ተሰጥቶኛል? ምን ይደጋገማል? ምኑን ልተው? ውጤቱን በምን ላረጋግጥ?» ይላል። በፊዚክስም ቢሆን የፈተና ጥያቄ መልኩን ሲለውጥ የሚያዋጣው ይኸው ነው። ሆኖም ለ4 የምናካፍልበትን ምክንያት ሳንረዳ ቅደም ተከተሉን ብቻ ከያዝን ወደ ሽምደዳ ተመልሰናል።

አንባብያን የተወለዱበትን ዓመት ወስደው ይሞክሩት፤ ከዚያም ውጤቱን በቀጣዩ ዓመት ይፈትኑት።