ድምፅ አልባ ተዋናዮችና ካርዶቻቸው

በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የሲኒማ ተዋናዮችን ሥዕል የምንለጥፍ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ይህ ልማድ አዲስ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል፤ የዛሬ መቶ ዓመት የበርሊን ተማሪና የሱቅ ሠራተኛም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። የእነርሱ ሥዕል ግን ፖስት ካርድ ነበር፤ ይኸውም ወርዱ 9፣ ቁመቱ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ በጀርባው አድራሻና ቴምብር የሚቀበል ወፍራም ወረቀት ነው። ከብዙዎቹ ድምፅ አልባ ፊልሞች ዛሬ የቀረን ይኸው ወረቀት ብቻ ነው። (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ዘመን ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባለው ነገር ነበር። ናይትሬት የሚገኘው የጥጥን ክር በናይትሪክ አሲድ በመለወጥ ስለ ሆነ ከፈንጂ ጋራ የቅርብ ዝምድና አለው። አንድ ጊዜ ከተያያዘ፣ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ከራሱ ስለሚያወጣ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንኳ አይጠፋም። ሳይቃጠል ቢቀርም በመጋዘን ውስጥ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ዱቄት ይሆናል። በዚህ ላይ ከ1927 ወዲህ ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን ሲይዝ፣ ኩባንያዎቹ አሮጌውን ማስቀመጥ ኪሳራ መሰላቸው፤ በላዩ ያለውን ብር ለማውጣት ሲሉ ያጠፉትም አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከተሠሩት 11,000 ያህል ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

ቴዳ ባራ ለዚህ ምስክር ናት። 40 ያህል ፊልም ሠርታ፣ በ1937 በኒው ጀርሲ የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን ሲቃጠል አብዛኛው ሥራዋ አብሮ ነደደ። በ1917 ከሠራችው «ክሊዮፓትራ» የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። ፎቶግራፎቿ ግን አሉ፤ የተኳለ ዐይኗንና የዕባብ ጌጥ ልብሷን ፊልሙን ያላየ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ካርዱስ በምን ተረፈ? አንደኛ በብዛቱ። በርሊን ውስጥ በ1894 የተቋቋመ አንድ የፎቶግራፍ ኩባንያ፣ በጥቅል የተጠመጠመ ረጅም ወረቀት በመኪና እያሳለፈ ፎቶግራፍ ማተም ስለ ጀመረ ሥራው «የኪሎ ሜትር ፎቶግራፍ» እስከ መባል ደረሰ። ደግሞም የፊልሙ ባለቤት ኩባንያው ሲሆን የካርዱ ባለቤት የገዛችው ልጅ ናት። ኩባንያ የማያተርፈውን ይጥላል፤ ልጅቱ ግን በአልበም ለጥፋ፣ በሣጥን ቆልፋ ለልጆቿ አወረሰችው።

ይሁን እንጂ ካርዱን ማመን በልክ ነው። በካርድ ላይ የምናየው ትርኢት ብዙውን ጊዜ ከፊልሙ ላይ የተቆረጠ አይደለም፤ ተዋናዮቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ተደርጎ በሌላ ካሜራ የተነሣ ነው። የፊት መጨማደድም በብሩሽ ይስተካከል ነበር። የዴንማርኳ ተወላጅ አስታ ኒልሰን በካርዷ ላይ ትልልቅ ጥቁር ዐይኖች ብቻ ትመስላለች። በ1910 የሠራችውን «ገደሉ» የተባለውን ፊልም፣ ደግነቱ ስለ ተረፈ፣ ያየ ሰው ግን ጥበቧ በመላ አካሏ እንደ ነበረ ይረዳል፤ ትከሻዋና አረማመዷ ሳይቀር ይናገራሉ። እንዲህ ያለው ነገር ወረቀት ላይ አይቀመጥም። ኒልሰን ዝናዋን ያተረፈችው በጀርመን ነው፤ ድምፅ የሌለው ፊልም ጽሑፉ ብቻ ከተተረጐመ ድንበር አያግደውምና። ድምፅ ሲመጣ በ1932 አንድ ፊልም ብቻ ሠርታ ከሲኒማ ራቀች።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ካርድ እጃችሁ ቢገባ ከመልኩ በታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። በብዙዎቹ የጀርመን ካርዶች ላይ «ሮስ» የሚል ስም ይገኛል። ይህ በርሊን ውስጥ ካርድ ያሳትም የነበረው የሃይንሪኽ ሮስ ስም ነው። ሮስ አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933፣ ሮስ ካርዱን ደጋግሞ ያሳተመለት ኮንራት ፋይት አይሁዳዊት ሚስቱን ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ሮስ ግን በርሊን ቀረ፤ በ1937 ድርጅቱን ተቀማ። ቀሚዎቹ ሰውየውን ቢያባርሩም ስሙ ገበያ የለመደው ስለ ነበረ ካርዱን በዚያው በ«ሮስ» ስም ማሳተማቸውን ቀጠሉ፤ የድርጅቱን ስም የለወጡት በ1941 ነው። ባለስሙ በ1957 በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ሞተ።