ካርታውን የደፋ ሰው ያሳይን?

በፖከር ጨዋታ ውርርዱ የከበደበት ተጫዋች ካርታውን ደፍቶ ይወጣል። በእጁ የነበረውን ለሌሎቹ ማሳየት ይገባዋልን? የጨዋታው ሕግ አያስገድደውም። እንዲያውም ዙሩ ሳያልቅ ማሳየት ክልክል ነው፤ የወጣው ካርታ ሲታወቅ ከሚወራረዱት የአንዱ ዕድል ሰፍቶ የሌላው ይጠባልና። ዙሩ ካለቀ በኋላ ያሳየ ደግሞ በምን ዓይነት ካርታ እንደሚሸሽ ባላጋራዎቹን በነጻ ያስተምራል።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው የጥንቱ የሙግት ውርርድ ነው። ተሟጋች ስለ ቃሉ እውነትነት በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረድ ነበር። ነገሩ በምስክር ሲጣራ ግን የተሸሸገው ይገለጣል።

ልዩነቱን ለመረዳት ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ እንሂድ። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የአስቦና የጌራ ተወላጆች የጓሳን ሣር በጋራ ይጠብቁ ነበር። ቦታው ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በመረጡት አለቃ ፈቃድ ለሁሉም ባንድነት ይከፈታል። በስውር ያጨደ ሰው ዝም ቢል የጎረቤቱን ድርሻ በልቷል።

ካርታውን የደፋው ግን የተወራረደበትን ከፍሏል፤ ምስጢሩም የራሱ ነው። እንግዲህ መለኪያው አንድ ነው እንላለን፤ መግለጥም ሆነ መሸሸግ የሚነቀፈው የሌላውን ድርሻ ሲነካ ነው።