ሮበርት ቸርች፤ ከባርነት የተነሣው የሜምፊስ ባለጸጋ

ስለ ባለጸጎች ስንጨዋወት አዘውትረን የምንጠይቀው «ስንት አለው?» እያልን ነው። «ምን ሠራበት?» ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የሮበርት ሪድ ቸርች ታሪክ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቸርች በ1839 በአሜሪካ፥ በሚሲሲፒ ግዛት፥ ሆሊ ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጭ የመርከብ ባለቤት ሲሆን፥ እናቱ ኤመሊን ባሪያ ስለ ነበረች ልጁም በጊዜው ሕግ ባሪያ ነበር። እናቱ ስትሞትበት ዕድሜው 12 ዓመት ያህል ነበር። ከዚያም በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱት በአባቱ የእንፋሎት መርከቦች ገብቶ ሳህን ከማጠብ ተነሥቶ የመርከብ መስተንግዶ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። በእርስ በርሱ ጦርነት፥ በ1862፥ የሰሜኑ ጦር ሜምፊስን በያዘ ጊዜ ኑሮውን በዚያች ከተማ መሠረተ፤ መጠጥ ቤትም ከፈተ።

ሜምፊስ ግን በደግ ፊት አልተቀበለችውም። በግንቦት 1866 ነጮች በጥቁሮች ሰፈር ላይ ተነሥተው 46 ጥቁሮችን ገደሉ፤ ቤታቸውን፥ ቤተ ክርስቲያናቸውንና ትምህርት ቤታቸውን አቃጠሉ። ቸርችም በገዛ መጠጥ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተመትቶ፥ ሞቷል ተብሎ ተተወ። ነፍሱ ከተረፈች በኋላ ከተማይቱን ጥሎ አልሄደም፤ ጉዳዩን ሊመረምሩ በመጡት የምክር ቤት አባሎች ፊት ቀርቦ የደረሰበትን መሰከረ።

በ1878 ደግሞ ቢጫ ወባ ገባ። አቅም ያለው ሁሉ ከተማይቱን ለቆ ሸሸ፤ ከቀሩት ውስጥ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የመሬትና የቤት ዋጋ እጅግ ወደቀ። ሌሎች «ሜምፊስ አለቀላት» ሲሉ፥ ቸርች የቆጠበውን ገንዘብ አውጥቶ ባዶ ቦታ፥ መደብርና የሚከራይ ቤት ገዛ።

እዚህ ላይ አንባቢ «በሰው መከራ መክበር ተገቢ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አንፈርድበትም። ካከራያቸውም ቤቶች ውስጥ መጠጥ ቤቶችና የሴትኛ አዳሪዎች ቤቶች ነበሩባቸው። ይህን መሸሸግ ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። ነገር ግን የተከተለውንም አብረን እንመልከት።

ሜምፊስ በዕዳና በወረርሽኝ ተዳክማ በ1879 የከተማነት መብቷን አጥታ ነበር። የቤት ዋጋ የሚነሣው ባለቤቱ ስለ ተመኘ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻ የሚወገድበት ቦይ ሲዘረጋ፥ ንጹሕ ውሃ ሲገኝ፥ አስተዳደርም ሲታመን ነው። ከተማይቱ ከ1880 ጀምሮ የፍሳሽ ቦይ ዘረጋች፤ በ1887ም ከከርሰ ምድር ንጹሕ ውሃ አገኘች። ቸርች ይህን የተረዳ ይመስለናል፤ ከተማይቱ ዕዳዋን ከፍላ መብቷን እንድታስመልስ ቦንድ ሲሸጥ፥ ከቀዳሚዎቹ ገዥዎች አንዱ ሆኖ የ1,000 ዶላር ቦንድ ገዛ። በጥይት የመታችውን ከተማ ገንዘቡን አበደራት ማለት ነው። ሜምፊስም በ1893 መብቷ ተመለሰላት።

በዚያ ዘመን ጥቁሮች በከተማይቱ መናፈሻዎች እንደ ልባቸው መዝናናት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ቸርች በ1899 በቢል ጎዳና፥ በራሱ መሬት፥ በራሱ ገንዘብ መናፈሻ አቆመ፤ በውስጡም 2,000 ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ አሠራ። ቡከር ዋሽንግተን ንግግር ያደረገበት፥ በ1902ም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የተናገሩበት ይህ አዳራሽ ነው። ጥቁሮች ተሰብስበው ስለ ራሳቸው ጉዳይ የሚመክሩበት ጣራ አገኙ።

በ1906 ደግሞ ሶልቨንት የተባለውን የቁጠባ ባንክ አቋቋመ። በቢል ጎዳና ያለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በዕዳ ሊሸጥ በደረሰ ጊዜ፥ ይኸው ባንክ ደርሶ ዕዳውን ከፈለለት።

ቸርች በ1912 ዐረፈ። ልጁ ሜሪ ቸርች ቴረል በ1884 ከኦበርሊን ኮሌጅ ተመርቃ፥ በ1896 የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ለጥቁሮች እኩልነትም እስከ እርጅናዋ ታገለች።

አበው «ገንዘብ የእጅ እድፍ ነው» ይላሉ። ቸርች በርካሽ የገዛቸውን ቤቶች ብቻ ትቶ ቢያልፍ ኖሮ ስሙ በኪራይ ደብተር ላይ ተጽፎ በቀረ ነበር። በሜምፊስ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ግን መናፈሻው ነው። ነገ ደመወዝ የምንቆጥር፥ ምናልባትም ቤትና ቦታ የምናፈራ ወጣቶች ሁሉ፥ ከያዝነው መሬት ላይ ሌላው ሰው የሚቀመጥበትን ጥላ ስንት ክንድ እንደምንተውለት ከወዲሁ ብናስብበት መልካም ነው።