በሁለት ስም የምትጠራ ከተማ

በነቀምቴ ከተማ ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ የፍልስጥኤምን ምዕራፍ ያህል ጥንቃቄ የሚሻ አላየሁም፤ ካርታውን ሰቅዬ ከተማዪቱን በጣቴ ባመለከትሁ ጊዜ፣ በአንድ ወንበር ከተቀመጡት ሁለት ልጃገረዶች፣ አያቷ ተሳልመው የተመለሱት «ኢየሩሳሌም»፣ ጓደኛዋ ግን «አልቁድስ» ይሏታል።

በቅርቡ ይህች ሁለተኛይቱ «ባርሲሳ (መምህር)፣ የእኛ አገር ግን ከማን ጋር ነበረች?» ስትል ጠየቀችኝ።

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በኅዳር 1940 ዓ.ም. ምድሪቱ ለሁለት እንድትከፈል በ33 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ ሲወስን፣ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 10 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ እንደ ነበረች፤ በጥቅምት 1966 ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር አብራ ከእስራኤል የነበራትን ግንኙነት እንዳቋረጠች፤ በጥር 1981 ለፍልስጥኤም መንግሥት ዕውቅና ሰጥታ፣ ዓመት ሳይሞላ በ1982 ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን እንደገና እንደቀጠለች ነገርኋት።

ይህ መለዋወጥ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለው በዴር ሡልጣን የሚጸልዩት መነኮሳታችን እስከ 1959 ዓ.ም. በዮርዳኖስ፣ ከዚያ ወዲህ በእስራኤል አገዛዝ ሥር ስለኖሩ፣ መንግሥታችን ከተማዪቱን ከያዘ ሁሉ ጋር መነጋገር ግድ ሆኖበታል። በ1966 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ የሆነች አገር ከወንድሞቿ ተለይታ ልትቆም አልቻለችም።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ፣ ልጂቱ የጠየቀችኝ ስለ መንግሥታት ሳይሆን ስለ ሰው መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ። በወለጋ ምድር ከቀዬው የተፈናቀለ ዘመድ አስጠልሎ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነውና፣ ከ700,000 የሚበልጡ ፍልስጥኤማውያን በ1940 እና 1941 ቤታቸውን ትተው እንደ ወጡ፣ ከአውሮፓ እልቂት የተረፉ አይሁድም መጠለያ ፍለጋ ወደዚያችው ምድር እንደ ገቡ ስነግራቸው፣ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ይህን ምዕራፍ ከድምፅ ቈጠራው አልጀምርም፤ ከቤቱ ከወጣው ሰው ጀምሬ ወደ ጉባኤው እሄዳለሁ፤ የአንዱን እንባ ማወቅ የሌላውን መካድ እንዳልሆነ የተማረ ልጅ፣ ነገ ለአገሩ ድምፅ ሲሰጥ እጁ በማን ሕይወት ላይ እንደሚያርፍ ያስባልና።