የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት የኩላሊት ጠጠር አይደለም

«ማንቆርቆሪያው እንዲህ ከነጣ፣ ኩላሊታችንማ እንዴት ሆኖ ይሆን!» የሚለው ወሬ መቆም አለበት። ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ ደህና ውሃም ያስጥላል።

ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ያው ማዕድን። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ግን ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ሁለቱም ካልሲየም ቢኖራቸውም፣ በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ ከ45 ሺህ በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋልና። ጥናቱ የተሠራው በምግብ ላይ ነው፤ ጠጠር የወጣበት ሰው የሐኪሙን ምክር ይከተል። በስምጥ ሸለቆ የብዙዎችን ጥርስና አጥንት የጎዳው ፍሎራይድ ግን ማንቆርቆሪያ በማየት አይታወቅም፤ ማፍላትም አያስወግደውም።

ቅርፊቱ ከየት ይመጣል? ለምሳሌ ደጀን ከተማን እንውሰድ፤ የዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ናት። ከከተማዋ ወደ ድልድዩ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ ዝቅ ሲል ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር ውስጥ የተነጠፈውን የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጄሶውን እያለፈ ይወርዳል። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ የዕፅዋት ሥሮችና ረቂቅ ሕዋሳት የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ደካማ አሲድም ይሆናል። ይህ ጋዝ የሌለው ንጹሕ ውሃ በሊትር 15 ሚሊግራም ገደማ የኖራ ድንጋይ ብቻ ያሟሟል፤ ጋዙን የያዘ ውሃ ግን በመቶ የሚቆጠር ሚሊግራም፣ ባይካርቦኔት አድርጎ፣ ለዓይን ሳይታይ ይሸከማል።

ውሃው ሲጣድ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ፣ ጋዙ መውጣት ይጀምራል። ጋዙ ሲሄድ ባይካርቦኔቱ ይፈርሳል፤ ከፊሉ ራሱ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል፤ የቀረው ካርቦኔት ካልሲየሙን ይዞ ድንጋይ ይሆናል። ስኳር ውሃ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ሙቀት መሟሟቱን ይቀንሰዋል። ቅርፊቱ ከሁሉ በላይ በሚግለው ቦታ፣ በወለሉ ወይም በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ፣ የሚጋገረው ለዚህ ነው። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያም ቅርፊቱን አያስቀረውም፤ ጋዙ ውሃው እስኪፈላ አይጠብቅምና። አንድ ቤተሰብ በቀን 5 ሊትር ቢያፈላና ከየሊትሩ 100 ሚሊግራም ቢቀር፣ በወር 15 ግራም ድንጋይ ይጠራቀማል። ድንጋዩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከብረት በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ሆኖም ቅርፊት ያየ ሁሉ «ውሃችን ከኖራ ድንጋይ ይመነጫል» ብሎ አይደምድም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣ ውሃም ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል፤ የላቦራቶሪ ውጤት እንኳ ምንጩን ሁልጊዜ ብቻውን አይለይም። ጄሶን ያቋረጠ ውሃ ደግሞ ሌላ ነው፦ የሚይዘው ካልሲየም ሰልፌት ጋዝ ስለወጣ ብቻ አይዘቅጥም፤ ቅርፊት ከሆነም አሲድ በቀላሉ አይበላውም።

ለተራው ቅርፊት ሎሚ ወይም አቼቶ ይበቃል። በውሃ አቅጥኖ ማሞቅ፣ ከእሳት አውርዶ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ማለቅለቅና አንድ ጊዜ ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው። የሚንቸፈቸፈው አረፋ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በሽቦ መፈግፈግ ብረቱን ይቧጭራል፤ ጭረቱም ለአዲስ ቅርፊት መያዣ ይሆናል። በረኪና ቅርፊት አያሟሟም፤ ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ፈጽሞ አይቀላቀሉ።

አንዳንዴ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚታየው ቀይ ቡናማ እድፍ ደግሞ ብረት ነው፤ ወይ ከውሃው፣ ወይ ከማንቆርቆሪያው። ለዚህ ሎሚ ከአቼቶ ይሻላል፤ ሲትሪክ አሲዱ ብረቱን አቅፎ ወደ ውሃው ያወጣዋል። እድፉ ታጥቦ ያው ቦታ ላይ ብቻ ከተመለሰ፣ የማንቆርቆሪያው ሽፋን እዚያ ላይ ተልጦ ከሥሩ ያለው ብረት እየዛገ ነው። የተላጠውን ሎሚ አይመልሰውም፤ ማንቆርቆሪያው ይለወጥ።