የሌላ ሞዴል አሞርዛተር ይሆናል?

እንደ ያማሃ ባንሺ ባሉ ባለ አራት ጎማ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ተያይዘው በአንድ አሞርዛተር ይደገፋሉ። የሌላ ሞዴል አሞርዛተር ቡሎኑ ስለገባለት ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። ጎማውና አሞርዛተሩ እኩል ርቀት አይጓዙምና።

ስሌት፦ ጎማው 250 ሚሊ ሜትር ሲነሳ አሞርዛተሩ 100 ሚሊ ሜትር ቢታመቅ ምጥጥኑ 2.5 ነው። በመሆኑም በ20 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አሞርዛተር ጎማውን ወደ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ የሞተር ሳይክሉ ኋላ ከፍ ይላል፣ የካቴናውም ውጥረት ይለወጣል። በአሞርዛተሩ ላይ ያለው ሞላ ጥንካሬ ደግሞ ጎማው ላይ ሲደርስ በምጥጥኑ ካሬ፣ በ6.25 ይካፈላል። በሚሊ ሜትር 50 ኒውተን የሆነ ሞላ ጎማው ላይ 8 ኒውተን ብቻ ይሆናል።

ከመግጠም በፊት፦ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርዝመት፣ የቡሎኑን ውፍረትና አሞርዛተሩ የሚታመቅበትን ርቀት ለኩ። ሞላውን በመጭመቂያ አውጥታችሁ አሞርዛተሩን ያለ ሞላ እሰሩና የኋላ ጎማዎቹን የያዘውን ክንድ እስከ መጨረሻው አንሱት፤ ጎማው ወይም ክንዱ ሻንሲውን ከነካ አሞርዛተሩ አይሆንም።

ጥንቃቄ፦ በአሞርዛተሩ ላይ ናይትሮጅን የታመቀበትን ክፍል በፍጹም አትፍቱ።